ዳማው ለምን ደጋግሞ ያነክሳል?

ጥቅምት አጋማሽ ላይ የጋምቤላ ቀትር ሰው አያስወጣም። ባጃጆች እንኳ በባሮ ዳር በማንጎ ዛፎች ጥላ ተሰልፈው ፀሐይ እስክትበርድ ይጠብቃሉ። ከእነዚያ ዛፎች በአንዱ ሥር ከአንድ አዛውንት የቡና ነጋዴ ጋር ተቀምጫለሁ። የመጣሁት ስለ ድሮው የጋምቤላ ወደብ እንዲያጫውቱኝ ነበር። ጨዋታው ገና ሳይደራ ስልካቸው ጮኸ። የደወሉት ጎሬ ያሉት እህታቸው ናቸው።

«ዳማው ዛሬም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም» ሲሉ ድምፃቸው ለእኔም ተሰማኝ። «የፊት እግሮቹን ወደፊት ዘርግቶ፣ ወደ ኋላው ተደግፎ ነው ያደረው። ገብስ ባቀርብለትም ቀና ብሎ አላየኝም።»

ሽማግሌው ስልኩን ዘግተው ወንዙን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ይኸው ሦስተኛ ዓመቱ» አሉ በመጨረሻ። «መስቀል ካለፈ በኋላ ይይዘዋል። ይተወዋል። በዓመቱ ይመለስበታል። 22 ዓመት የሞላው ሽማግሌ ፈረስ ነው። ሥራ ካስተውኩት ቆይቷል፤ የሚበላውም ከእኔ የተሻለ ነው። ምን በድዬው ይሆን?»

የወደቡ ታሪክ በዚያው ቀረ። በማግስቱ ማለዳ አብረን ወደ ጎሬ ተሳፈርን።

ፈረስ የማይወርድበት ቆላ

ፈረሱን ለምን ጋምቤላ አጠገባቸው እንዳላቆዩት ጠየቅኋቸው። መልሱ የአገሩን ግማሽ ታሪክ ይዞ መጣ።

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የፈረስ ኮቴ መስማት ብርቅ ነው። የኑዌር ሀብትና ክብር ከብት ነው። አኙዋ በወንዝ ዳር በቆሎና ማሽላ ያመርታል፣ ዓሣ ያጠምዳል። ፈረስ እዚህ ያልተለመደው ግን ሰው ስላልወደደው አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ በተኛው በዚህ ቆላ ሁለት ጠላቶች ይጠብቁታል። አንዱ ገንዲ ነው። ጼጼ የምትባለው የቆላ ዝንብ ስትነክስ ትሪፓኖሶማ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ወደ ደም ታስገባለች፤ እንስሳው ደሙ ያንሳል፣ ይከሳል፣ አቅም ያጣል። ፈረስ ላይ ሲደርስ ይበረታል። ሁለተኛው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ነው። ይህን ቫይረስ የሚያዛምቱት በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ደቃቅ ተናካሽ ነፍሳት ናቸው። ሳንባውን ሲይዝ ፈረሱን በቀናት ውስጥ ይጥለዋል። ክትባቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል።

የደጋ ሰው ይህን የተማረው በኪሳራ ነው። በ1890 ዓ.ም. ከጎሬ ተነሥቶ የባሮን ተፋሰስ ተከትሎ እስከ ነጭ ዓባይ የዘመተው የደጃዝማች ተሰማ ናደው ሠራዊት ከጠላት ጥይት ይልቅ የቆላው ንዳድ ጎድቶታል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፈተ፤ ጋምቤላም ወደብ ሆነች። ወንዙ በሚሞላበት ክረምት ከካርቱም የሚመጡ መርከቦች ጨውና ጨርቅ አራግፈው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር የተመለሰው በ1949 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ቡናውን ከጎሬ ዳገት ወደ ባሮ ያወረዱት በአመዛኙ በቅሎዎችና የሰው ትከሻዎች ነበሩ።

«አባቴ ከነጋድራሶች እግር ሥር ከሚሠሩት አንዱ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ሁለት በቅሎ ቆላ ላይ ሞቶበታል። እስኪሞት ድረስ ቆጭቶታል። ስለዚህ ዳማውን አንድ ቀን እንኳ ወደ ጋምቤላ አላወረድኩትም።»

መኪናችን ቦንጋን አልፎ ወደ ቡሬ መውጣት ሲጀምር አየሩ ቀዘቀዘ፤ ደኑ ጠቆረ። ሽማግሌው ዝንብ ፈርተው ደጋ ያቆዩት ፈረስ ደጋ ላይ የገጠመው ጠላት ግን ክንፍ የለውም። ጠላቱ ያለው ገበታው ላይ ነበር።

ጓሮው ውስጥ

ጎሬ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዱ ስለሆነ ጥቅምት ላይ ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ዳማው ከቤቱ ጀርባ በዚያ ለምለም ሣር መካከል ቆሟል። በሩቁ ሲያዩት ያማረ ፈረስ ነው፤ ሆዱ ሞልቷል፣ አንገቱ ወፍሯል። ጌታውን ሲያይ ጆሮውን አቆመ፤ ሊጠጋ አንድ እርምጃ ሞከረና እሾህ ላይ እንደቆመ ሰው ወደ ኋላው ተመለሰ።

ከመቱ የተጠራው ወጣት የእንስሳት ሐኪም ቀድሞን ደርሷል። መጀመሪያ አልነካውም፤ ዙሪያውን እየዞረ አየው። ክብደቱን ከአንዱ የፊት እግር ወደ ሌላው ሲያቀያይር፣ ሲዞር ደግሞ ከወገቡ በላይ ብቻ ሲጠመዘዝ ተመለከተ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከቁርጭምጭሚቱ ኋላ ጣቱን አሳረፈ።

«ይንኩት፣ ጋሼ» አላቸው።

ሽማግሌው ጣታቸውን አስጠጉ። ደም ሥሩ በኃይል ይመታል። በደኅና ቀን ፈልገው የሚያገኙት ቀጭን ትርታ ዛሬ እንደ ከበሮ ሆኗል። ሰኮናውም ትኩስ ነው።

ሐኪሙ ቀጥሎ በሰኮናው ግድግዳ ላይ የተጋደሙትን ቀለበቶች አሳያቸው። ከፊት ተጠጋግተው፣ ወደ ተረከዙ ሲሄዱ እየሰፉ የሚሄዱ ሦስት ጉልህ ቀለበቶች ናቸው። «ሰኮና ወር በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ከላይ ከጠጉሩ መጋጠሚያ ተነሥቶ መሬት እስኪደርስ አንድ ዓመት ሊወስድበት ይችላል። ስለዚህ ያለፈውን ይዞ ይቆያል። ባለፈው አንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ታሟል ማለት ነው፤ እርስዎ ያወቁት ግን አንዱን ብቻ ነው።»

ከዚያ ሐኪሙ ስለ እግሩ መጠየቁን ተወና ስለ ምግቡ ይጠይቅ ጀመር። እህትየው በኩራት ዘረዘሩ፦ ጠዋት አንድ ቁና ገብስ፣ ማታ ፉርሽካ፣ ጠላ በተጠመቀ ቁጥር አተላ፣ የበቆሎው እሸት ሲደርስ ከነአገዳው። ቀኑን ሙሉ ደግሞ ሣሩ አለ። «ወንድሜ አደራ ስላለኝ አንድ ቀን አላስራብኩትም» አሉ።

ሐኪሙ ለአፍታ ዝም አለ። «እማማ፣ አደራዎን ጠብቀዋል» አላቸው ቀስ ብሎ። «ያሳመመው ግን ይኸው ምግቡ ነው።»

የሁለት ሚዶ ጥርስ

የዳማው ሕመም ላሚናይቲስ ይባላል። ስሙ ለብዙ ባለፈረስ እንግዳ ነው፤ ነገሩ ግን እንግዳ አይደለም።

የፈረስ ሰኮና ከውጭ ሲያዩት እንደ ድንጋይ የጠነከረ ጫማ ይመስላል። ውስጡ አንድ አጥንት አለ፤ የእግሩ የመጨረሻ አጥንት ነው። ይህ አጥንት ጫማው ወለል ላይ የተቀመጠ ሊመስለን ይችላል፤ እውነቱ ግን ከግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ መዋሉ ነው። የሚያንጠለጥሉት በእንጉዳይ ሆድ ላይ እንደምናያቸው ያሉ ስስ ቅጠሎች ናቸው። ከአጥንቱ በኩል የሚወጡትና ከግድግዳው በኩል የሚወጡት እንደ ሁለት ሚዶ ጥርስ ለጥርስ ይጠላለፋሉ። በአንድ ሰኮና ውስጥ 600 ገደማ ዋና ቅጠሎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ደግሞ ከመቶ በላይ ጥቃቅን ቅጠሎች ተደርድረዋል። የፈረሱ ክብደት በሙሉ የሚያርፈው በዚህ ጥልፍልፍ ላይ ነው። ከክብደቱ 60 በመቶ ገደማውን የሚሸከሙት የፊት እግሮች ስለሆኑ ሕመሙም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ይበረታል።

ላሚናይቲስ ማለት ይህ ጥልፍልፍ ሲዳከም፣ ሲለጠጥና ሲላቀቅ ነው። ሲበረታ አጥንቱ ከግድግዳው ይለያል፤ ጫፉ ወደ ታች ይዞራል፣ ወይም አጥንቱ ራሱ ወደ ወለሉ ይሰምጣል። ሰኮናው እንደ ሥጋ ማበጥ አይችልም፤ ግድግዳው አይለቅም። ፈረሱ ወደ ኋላ የሚደገፈው ሥቃዩን ከሰኮናው ፊት ወደ ተረከዙ ለማሸሽ ነው።

አንድ ጊዜ የተለጠጠ ቅጠል እንደ ቀድሞው አጥብቆ ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋል፤ አንዳንዱም ጨርሶ አይመለስም። ስለዚህ አንድ ጊዜ የታመመ ፈረስ ለሁለተኛው የቀረበ ነው። ፈረሱ ማንከሱን ሲያቆም ሰው ዳነ ይላል። ምክንያቱ ካልተነሣ ግን ሕመሙ ሄዶ አያውቅም።

ነገር ከሥሩ

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይባላል። የዚህን ሕመም ሥር የሚሹ ሰዎች ገብስ ላይ መድረሳቸው አዲስ ነገር አይደለም። የጥንት ግሪኮች ገብስ በዝቶበት ለታመመ ፈረስ ከገብስ ስም የተገኘ ቃል ነበራቸው፤ አርስቶትልም ጠቅሶታል።

ወደ ሰኮናው የሚያደርሱ መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ድንገተኛ መመረዝ ነው። ፈረስ ጎተራ ሰብሮ እህል ሲጠግብ ያልተፈጨው ስታርች ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና ይብላላል፤ መርዙ ከአንጀት ወደ ደም ይገባል። የእንግዴ ልጅ የቀረባት ባዝራም በተመሳሳይ መንገድ ልትታመም ትችላለች። ሁለተኛው መንገድ የአንድ እግር ጉዳት ነው፤ ፈረሱ ያንን እግር ሲያሳርፍ ደኅናው ለሳምንታት ብቻውን ተሸክሞ ይጎዳል።

ሦስተኛው ዝምተኛው ነው። ደጋግሞ የሚመለሰውን ላሚናይቲስ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣውም እሱ ነው፤ ምንጩ ሆርሞን ነው። ፈረስ ስኳርና ስታርች ሲበላ ጣፊያው አጠገብ ያለችው ቆሽት ኢንሱሊን ታመነጫለች። ሥራ በፈታና በወፈረ ፈረስ ላይ ኢንሱሊኑ ከልክ በላይ ይወጣል፤ ወጥቶም ይቆያል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ይፋ በሆነ የአውስትራሊያ ሙከራ ተመራማሪዎች የጤነኛ ድንክ ፈረሶችን የኢንሱሊን መጠን ብቻ ከፍ አድርገው አቆዩ። በሦስት ቀን ውስጥ ሰኮናቸው ታመመ። እህል አልጠገቡም፤ አንጀታቸውም አልታመመም። ኢንሱሊኑ ብቻውን በቃ።

ዳማው ላይ እርጅናም ተጨምሯል። ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት ባለፈ ፈረሶች ላይ በአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የተባለች እጢ ልጓሟን ልትበጥስ ትችላለች። ምልክቱ ሊለይ ይችላል፦ ጠጉሩ ይረዝማል፣ ወቅቱ ሲደርስም አይረግፍም፤ ጀርባው ላይ ያለው ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ሆዱ ይንጠለጠላል፤ ውሃ ያበዛል። ይህ ችግር የኢንሱሊኑን ነገር ያባብሰዋል። ሐኪሙ በዳማው ሆድ ሥር የተንጨፈረረውን ጠጉር በጣቱ እያበጠረ አሳየን። በደም ምርመራ የሚረጋገጥ ነው፤ ፐርጎላይድ የተባለ መድኃኒትም አለው። ይሁንና በወረዳ ክሊኒክ መደርደሪያ ላይ የሚጠበቅ መድኃኒት አይደለም። «መድኃኒቱ እስኪገኝ ድረስ» አለ ሐኪሙ፣ «ዋናው ሕክምና በእማማ እጅ ነው።»

ይህ ነገር ልቤን ነካው። እኛ ፈረስን የምናከብር ሕዝብ ነን። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ኢያሱን አባ ጤና ብለን የጠራነው በፈረስ ስማቸው ነው። አገው ምድር እንጅባራ ላይ ጥር 23 የፈረሰኞች ማኅበር በዓል ሲከበር ሽልማት የለበሰ ፈረስ ሜዳውን ይሞላዋል። የምናውቀው ክብር ግን ለሚጋልብ ፈረስ የሚሆን ነው። ለሠራ ፈረስ የተሰፈረውን ገብስ፣ ሥራ ሲያቆምም ሳንቀንስ እንቀጥላለን። ፍቅራችንን በቁና እንሰፍረዋለን። ላረጀ ፈረስ ያ ቁና መርዝ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ሐኪሙ በዚያ ቀን ያደረገውንና የከለከለውን እንዳየሁት ልጻፍ።

መጀመሪያ ዳማውን ከሣሩ አወጣው፤ እየጎተተ ሳይሆን እያሳረፈ፣ በአጭሩ መንገድ። በረቱ ውስጥ የእንጨት ፍቅፋቂ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አስነጠፈለት። ወለሉ ሲለሰልስ የሰኮናው ሆድ ሸክም ይጋራል፤ ፈረሱም ሲደክመው ይተኛል። የሕመምና የብግነት ማስታገሻ መርፌ ወጋው፤ መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው። ሕመሙ ገና ሲጀምር ከተደረሰበት፣ በተለይ እህል ጠግቦ ለተመረዘ ፈረስ፣ እግሩን በረዶ በተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ ማቆየት ቅጠሎቹን ሊያተርፍ ይችላል።

አንድ ጎረቤት ብረት አግሎ ትከሻውን ለመተኮስ ዝግጁ ነበሩ። ሐኪሙ በአክብሮት መለሳቸው፤ ሕመሙ ሰኮና ውስጥ ሳለ ቆዳን ማቃጠል ሁለተኛ ሥቃይ ብቻ ይጨምራል። ሌላው «እንዲፍታታ ይሩጥ» አለ። ይህ ከሁሉ የከፋው ምክር ነው። ጥልፍልፉ የላላ እግር በሮጠ ቁጥር ይበልጥ ይቀደዳል።

ጾም እናስጀምረው ወይ ብለው ሽማግሌው ጠየቁ። ይህም አይሆንም። የወፈረ ፈረስ በድንገት ሲራብ የሰውነቱ ስብ ወደ ደም ይፈስና ጉበቱን ያውካል። መንገዱ መስፈር ነው።

ሚዛኑ

በማግስቱ ሐኪሙ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዞ መጣ። የደረቱ ዙሪያ 145 ሴንቲ ሜትር፣ ከትከሻው ጫፍ እስከ ታፋው መጨረሻ 140 ሴንቲ ሜትር። ዙሪያውን በራሱ አባዝቶ በርዝመቱ አበዛው፤ ለ11,880 አካፈለ። ዳማው 248 ኪሎ ይመዝናል። ለሚከሳ ፈረስ በቀን የሚሰፈረው ደረቅ መኖ ከክብደቱ 1.5 በመቶ ነው፤ ለእሱ ከ4 ኪሎ ጥቂት ያነሰ ድርቆሽ ማለት ነው። ይህንንም በአንዴ ሳይሆን በአራት ከፍለው ይሰጡታል።

ገብሱ፣ ፉርሽካው፣ አተላው፣ እሸቱና አገዳው ቀሩ። ድርቆሹ አንድ ሰዓት ያህል ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ የስኳሩ ከፊል በውሃው ይሄዳል። ውሃው ይደፋል እንጂ ለፈረሱ አይሰጥም። መዘፍዘፍ ማዕድንም ስለሚያጥብ አሞሌ ጨው በአጠገቡ ይሰቀልለታል። ጥቂት ጭድ ቀላቅሎ መስጠት ይቻላል፤ ሆኖም ያረጀ ጥርስ ጭድ በደንብ ካላላመ ሆዱን ይደፍንበታል፤ ስለዚህ ሐኪሙ አፉን ከፍቶ ጥርሱን አየ።

ስለ ሣሩ የነገራቸው ለብዙ ባለፈረስ ይጠቅማል። ሣር ቀኑን ሙሉ ከፀሐይ ስኳር ይሠራል፤ ሌሊት ለማደግ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ያለው ሣር ከንጋቱ ይጣፍጣል። በደጋ ውርጭ ባለበት ሌሊት ግን ሣሩ አያድግም፤ ስኳሩም ሳይነካ ያድራል። የኅዳርና የታኅሣሥ ጥርት ያለ ቀዝቃዛ ንጋት ለታመመ ፈረስ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ነው። ዳማው ሙሉ በሙሉ እስኪያገግም ሣር አይነካም። ከዚያም በኋላ በማለዳ፣ ለጥቂት ጊዜ፣ ውርጭ ባላደረበት ቀን ብቻ።

የሰኮናው እንክብካቤ ሌላው ክንድ ነው። በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ የረዘመው ፊቱ በሞረድ ይወርዳል። ፊቱ ሲረዝም እንደ መፈልቀቂያ ብረት ሆኖ ግድግዳውን ከአጥንቱ ይገነጥላል። አንድ ጊዜ አብዝቶ መቁረጥ ግን የሳሳውን ወለል ያደማል፤ ጥቂት በጥቂት ነው። በእግሩ ሳያነክስና ማስታገሻ ሳይወስድ ሳምንታት ከቆየ በኋላ ብቻ ለስላሳ መሬት ላይ በእርምጃ ይጀምራል። እንቅስቃሴ ኢንሱሊንን ይገራል፤ ጊዜው ሳይደርስ ከመጣ ግን ይጎዳል።

«በየጠዋቱ ሦስት ነገር ይዩልኝ» አላቸው ለእህትየው። «የቁርጭምጭሚቱን ትርታ፣ የሰኮናውን ሙቀት፣ የአንገቱን ስብ። አንገቱ እንደ ደረቀ እንጨት ሲጠነክር ሕመሙ መንገድ ላይ ነው። ሳያነክስ ይደውሉልኝ።»

እማማ ጣታቸውን ትርታው ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። መልመዳቸው ነበር።

ያልተነገረ አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ ሽማግሌው ራሳቸው አነሡት። «ባይሆንስ?» አሉ። ሐኪሙ አልሸሸገም። አጥንቱ ወለሉን ከበሳ፣ ማስታገሻ የማይመልሰው ሥቃይ ከመጣ፣ በሰላም ማሳረፍም የባለቤት ግዴታ ነው። በረሃብ ወይም በጅብ እንዲያልቅ መንገድ ላይ መልቀቅ የበለጠ ምሕረት አይደለም። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ ቀን ገና አልመጣም።

መጋቢት

ከአምስት ወር በኋላ እንደገና ጋምቤላ ነበርኩ። ባሮ ቀንሶ አሸዋው ወጥቷል። ሽማግሌውን በዚያው ማንጎ ሥር አገኘኋቸው። ዳማው እንዴት ነው ብዬ ስጠይቃቸው አልመለሱልኝም፤ እህታቸው የላኩላቸውን ፎቶ ከስልካቸው አውጥተው ሰጡኝ።

ፎቶው ላይ ያለው ሰኮናው ብቻ ነበር። የታችኛው ክፍል አሁንም በቀለበት የተሸበሸበ ነው፤ ያ ያለፈው ዓመት ነው፣ ሊጠፋም ገና ወራት ይፈልጋል። ከጠጉሩ መጋጠሚያ በታች ግን ሁለት ጣት ስፋት ያህል ልሙጥ ሰኮና ወርዷል። አንድም ቀለበት የለበትም።

«ጥር ላይ አንድ ጊዜ ትርታው ጨምሮ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «እህቴ በጣቷ አገኘችው። አንዲት ልጅ በአጥሩ ላይ እሸት ታጎርሰው ኖሯል። በዚያው ቀን ቀረ። አላነከሰም።»

ከዚያ ፎቶውን መልሰው ወሰዱና በአውራ ጣታቸው ልሙጡን ቦታ በመስታወቱ ላይ ለኩት። «ሁለት ጣት» አሉ። «ገብስ ስሰፍርለት የኖርኩት እኔ፣ አሁን የምለካለት ይህንን ነው።»